እትዬ ስመኝና ሠላሳ አንደኛዋ ሴት

እትዬ ስመኝ ያረፉት ማክሰኞ ነው፤ እኔ የሰማሁት ዓርብ። ጫግኒ ያን ሳምንት ኔትወርክ አልነበረም። ዓርብ ረፋድ ላይ ሲመለስ ስልኬ አሥራ አንድ መልእክት ባንድ ጊዜ ዘረገፈብኝ፤ ዘጠኙ ስለ እሳቸው ነበሩ። ቀብሩ አመለጠኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሬ እንጅባራ ስገባ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል ደረስኩ።

የእሳቸው ለቅሶ ከሌላው ለቅሶ ለየት ይል ነበር። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ስለ ቁጣቸው ነው የሚያወራው። አንዷ የጤና ባለሙያ "እኔን ሁለት ጊዜ ከቤተ መጻሕፍት አባረውኛል" አለች፤ አነጋገሯ ሽልማት እንደተቀበለ ሰው ነው። አንድ ጎልማሳ ደግሞ መጽሐፍ ላይ በመጻፉ የተቀበለውን ግሣጼ ቃል በቃል ደገመልን። ተራው እየዞረ እኔ ጋ ሲደርስ ውሃ እንደጠማው ሰው ተነሥቼ ወጣሁ። የኔ ታሪክ ቁጣ የለበትም። ቁጣ ይገባኝ የነበረበትና እሳቸው ዝም ያሉበት ታሪክ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ለማውራት ድፍረቱ አልነበረኝም። እዚህ ልጻፈው።

እንጅባራ የተመደብኩት በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ከቡሬ፣ የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ፣ አንዲት የአገውኛ ቃል ሳላውቅ። ሽማግሌዎቹ ከተማዋን ቆሰበር እያሉ ሲጠሯት ሌላ ከተማ መስሎኝ፣ ለአንድ ወር ያህል ቆሰበር በየት በኩል ነው እያልኩ ስጠይቅ ከርሜያለሁ። ሰዉም ደግ ነው፤ እየሳቀ "እዚሁ አካባቢ ነው" ይለኛል። እውነቱን የነገሩኝ እትዬ ስመኝ ናቸው። "የቆምክበት ነው። ይልቅ ጫማህን ጥረግና ግባ" አሉኝ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ። ትውውቃችን በዚህ ተጀመረ።

የዳንግላ ልጅ ናቸው። አገውኛውን ከእናታቸው፣ አማርኛውን ከአባታቸው ነው ያገኙት፤ ሲቆጡ የትኛው እንደሚቀድማቸው አይታወቅም። ድሮ የቤት አያያዝ የሚባል ትምህርት ያስተምሩ ነበር። ትምህርቱ ሲቀር የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ያዙ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ነገር ሲከብዳቸው ያወልቁታል። ከአፋቸው የማይጠፋ አንድ ንግግር ነበራቸው፤ "ያየኸውን ንገረኝ፤ የምታውቀውን አልጠየቅሁህም።" ተማሪ መስኮት ሰብሮ ሲከሰስም፣ መምህራን ስለ ሰው ሲያሙም፣ እኔ የታመምኩ መስሎኝ ስጨነቅም ያው ነው የሚሉት።

አንድ ክረምት መጋዘኑ ሲጸዳ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ሊጣል የወጣ የእንጨት ሣጥን አገኙ። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ድሮ ዳንግላ የኖረ ፈረንጅ ነው የሚሉ አሉ፤ የሚስዮን ነርስ ናት የሚሉም አሉ። ውስጡ አርባ ስምንት መስታወት ነበር። እያንዳንዱ መዳፍ የሚያህል፣ ዙሪያው በጥቁር ወረቀት የታሸገ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ፎቶ ይታይበታል። ክዳኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ የታተመ ዝርዝር ተለጥፏል። ርእሱ "የሴቶች ኑሮ በዓለም ዙሪያ" ይላል፤ ከሥሩ ከአንድ እስከ አርባ ስምንት ቁጥርና አጭር ማብራሪያ አለ። ጃፓኗ ሩዝ ስትተክል፣ የሆላንዷ ወተት ስታመላልስ፣ ሕንዷ ጥጥ ስትፈትል።

መስታወቶቹን በግድግዳ ላይ አጉልቶ የሚያሳየው መሣሪያም አብሮ ተገኘ። የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ ከፊቱ ሌንስ፣ ከውስጡ የላምባ መብራት ማስቀመጫ አለው። እትዬ ስመኝ "ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ ትል የለ" ብለው አመጡልኝ። በላምባ ስንሞክረው ጭሱ ሁለታችንንም አስነጥሶ አባረረን። በመጨረሻ የባጃጅ የፊት መብራት ከነባትሪው ገጠምኩለትና ሠራ። መብራት ጠፋ አልጠፋ አያሳስበንም፤ ይህን ሳወራ ዛሬም ትንሽ ደረቴን እነፋለሁ።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ቤት ሆነ። መስኮቱን በብርድ ልብስ እንጋርዳለን፤ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ እንወጥራለን። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቅርጫታቸውንና የድንች ጆንያቸውን በር ላይ ደርድረው ይገባሉ። መስታወቱን የማስገባው እኔ ነኝ። እትዬ ስመኝ አቡጀዲው ጎን ይቆሙና ዝርዝሩን ሳያነቡ ይጠይቃሉ፤

"እህ፣ ይቺ ሴት ምን ትሠራለች?"

ዝርዝሩን የሚያነቡት ሁሉም ተናግሮ ካበቃ በኋላ ነው። ይህን ሥርዓት ከቶ አልጣሱም። የሆላንዷ ሴት ስትወጣ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ትከሻዋ ላይ ቀንበር የሚመስል እንጨት አለ፣ ከግራና ቀኙ ባልዲ ተንጠልጥሏል።

"ኧረ ሴትዮዋን በሬ አደረጓት!"

"ቆዩ እስቲ፣ አትሳቁ" አለች ድንች ሻጭ አንዷ። "ጀርባዋን እዩ፤ ቀጥ ብሏል። የኛን ጀርባ እንስራ ነው ያጎበጠው። ይኸማ ደግ ነገር ነው።"

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይህችው ሴት ከቀርከሃ አሠርታ በሁለት ጀሪካን ውሃ ስታመላልስ ታየች ተባለ። ባሏን መንደሩ "ሚስትህን ጠመድካት ወይ" እያለ መውጫ መግቢያ ቢያሳጣውም እሷ አልተወችውም።

ጥጥ ፈታይዋ ሕንዳዊት ስትወጣ ደግሞ ማንም አልሳቀም። ሁሉም ፈታይ ነውና ፊቱን አጨማደደ። አንዲት ሴት "ይቺ አትፈትልም" አለች። "ክሩ ላላ ብሏል፤ እንዝርቱም ቆሟል። ፎቶ ልናነሣሽ ነው ብለው ያስቀመጧት ናት።" እትዬ ስመኝ በደስታ ሊበሩ ምንም አልቀራቸውም። ሰማያዊ ደብተር ነበራቸው፤ በግራ ገጽ "ዝርዝሩ እንዲህ ይላል" በቀኝ ገጽ "ሴቶቹ እንዲህ አሉ" እያሉ ይጽፉበት ነበር። አንድ ጊዜ ለበዓል የመጣ እንግዳ ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ ማንበብ ሲጀምር "ልጄ፣ ተቀመጥና ያየኸውን ንገረን" ብለው አስቀመጡት። እንግዳው ትልቅ ሰው ነበር፤ ግን ተቀመጠ። ያየውን ሲጠየቅ አንገቱን እያከከ "አንዲት ሴት" አለ። ሴቶቹ ለረጅም ጊዜ እሱን እያነሡ ሲስቁ ከረሙ።

ሠላሳ አንደኛው መስታወት ተራው የደረሰ ዕለት ምንም የተለየ ነገር አልጠበቅንም። ዝርዝሩ ላይ "አቢሲኒያ፤ ሸክም የተሸከመች ሴት" ይላል። በእያንዳንዱ መስታወት ጥግ ላይ ክብ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሲያስገቡት አውራ ጣት እሱ ላይ ካረፈ ሥዕሉ ትክክል ይወጣል። የሠላሳ አንደኛው ነጭ ወረቀት ተገንጥሎ ወድቋል። እትዬ ስመኝን ልጠይቅ ወይም ወደ መስኮት ወስጄ ልመረምር ይገባኝ ነበር። ሰው እየጠበቀ ነው፣ እኔም ስለ ሌንስና ስለ ግልብጥ ምስል ቆሜ የማስተምር ሰው ነኝ፤ መጠየቁ አሳፈረኝ። በግምት ከተትኩት።

አንዲት ወጣት ሴት በቀርከሃ አጥር ፊት ቆማለች። ጀርባዋ ላይ የተቋጠረ ነገር አለ። ከኋላዋ ጋሻና ጦር የያዙ ሁለት ፈረሰኞች ይታያሉ። ቀኝ ጉንጯ ላይ ከዓይኗ እስከ አፏ የሚደርስ ጠባሳ አለ። ሴቶቹ ወደፊት ተጠጉ፤ እስከዚያ ቀን ከወጡት ሥዕሎች ሁሉ የራሳቸውን ሰው ያዩት ያኔ ነው።

"ምን ትሠራለች?" አሉ እትዬ ስመኝ፤ የእሳቸውም ድምፅ ዝቅ ብሏል።

"ሸክም..." አለች አንዷ።

"ኧረ ሸክም አይደለም! አንቀልባ ነው። እግሩን አታዩም? ያቻትና እግሩ!"

እውነትም የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል የሕፃን እግር ከቆዳው ወጥታለች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ሲጀምር ከኋላ አንዲት አሮጊት ተነሡ። እማማ ወርቄ ይባላሉ፤ ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር ነጭ ሽንኩርት ሊሸጡ የመጡ ናቸው። እየተደነቃቀፉ እስከ አቡጀዲው ሄዱ። ጥላቸው ሥዕሉን ሲሸፍነው ሴቶቹ "እማማ፣ ጋረዱብን!" ብለው ጮኹ፤ አልሰሙም። በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩና ወደ እትዬ ስመኝ ዞረው በአማርኛ ደገሙት።

"እናቴ ናት።"

ወንበር ሰጥተን፣ ውሃ አጠጥተን ጠየቅናቸው። እናታቸው ውባለም የምትባል ነበረች። እማማ ወርቄ ገና ጡት እየጠቡ ሳሉ ሞተች፤ ያሳደገቻቸው አክስታቸው ናት። እናታቸው በልጅነቷ እሳት በልቷት ጉንጯ ላይ ጠባሳ እንደነበረባት አክስታቸው ደጋግማ ነግራቸዋለች። አንድ ፈረንጅም ገበያ ላይ፣ ልጅ እንዳዘለች፣ አቁሞ በካሜራ ሣጥን አይቷት ነበር እየተባለ በቤተሰቡ ይወራ ነበር። ፎቶ የለም። መልኳን አያስታውሱም።

"አክስቴን እናቴ እንዴት ያለች ነበረች ስላት ጉንጬን ትነካኛለች፤ እዚህ ጋ ነበረባት ትለኛለች" አሉ ቀኝ ጉንጫቸውን በሌባ ጣታቸው እየነኩ። "እናቴን በዚች ጣት ነው የማውቃት።"

እትዬ ስመኝ ሦስት ጊዜ ነው የጠየቋቸው፤ ያዩትን ነው ወይስ የሚያውቁትን እያሉ። ቀኝ ጉንጭ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ገበያ፣ ፈረንጅ፤ ሁሉም ገጠመ። በመጨረሻ ብዕራቸውን አወጡ። ዝርዝሩ ላይ "ሸክም የተሸከመች" የሚለውን ሰርዘው "ወይዘሮ ውባለም፣ ከነልጃቸው ወርቄ" ብለው በትልቁ ጻፉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አልኩ።

እማማ ወርቄ ከዚያ በየገበያው እየመጡ ሠላሳ አንደኛውን ብቻ አይተው ይሄዱ ጀመር። አንድ ቀን እትዬ ስመኝን ጎናቸው አስቀምጠው እንዲህ አሏቸው፤ "ልጄ፣ ሰው ሲሞት ፎቶው ተይዞ ነው የሚለቀስ። እኔ ለእናቴ አልቅሼላት አላውቅም፤ ስትሞት ምን አውቄ። አሁን ፎቶዋ ተገኘ። ለቅሶ እቀመጣለሁ።" ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ ግር ብሎት ነበር አሉ፤ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ለቅሶ! ኋላ ግን ቄሱም እሺ አሉ፣ ቀኑም ለአንድ እሑድ ተቆረጠ። ፎቶ ቤቱ ከመስታወቱ ላይ፣ አቡጀዲው ላይ በምናሳየው በኩል ትልቅ ፎቶ አትሞ፣ ለእሑዱ ሊደርስ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ከተተው።

ለቅሶው ስምንት ቀን ሲቀረው አያ ቢተው መጡ። አያ ቢተው የፈረሰኞች ማኅበር አባል፣ በጥር የፈረስ በዓል ከነዕድሜያቸው የሚጋልቡ ሽማግሌ ናቸው። ሥዕሉ ውስጥ ፈረሰኞች አሉ ሲባል ሰምተው ነው የመጡት። ከፊት ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ብዙ አዩ።

"እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?" አሉ። "ጋሻ በግራ ነው የሚያዝ፤ ጦር በቀኝ። እነዚህ ገልብጠው ይዘውታል። አንዱ ግራኝ ነው እንበል፤ ሁለቱም?"

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። እትዬ ስመኝ ግን መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ እኔ አላዩም። መሣሪያው ጋ መጥተው መስታወቱን አወጡና ፊቱን ወደ ኋላ አዙረው መለሱት። ጋሻዎቹ ወደ ግራ እጅ ዞሩ። "አሁን ሰው ሆኑ" አሉ አያ ቢተው በእርካታ። የሴትዮዋም ጠባሳ ዞሮ በግራ ጉንጯ ላይ ሆነ።

ሴቶቹ ወዲያው አላስተዋሉትም። እኔ አስተውያለሁ፤ የእማማ ወርቄ እናት ጠባሳዋ በቀኟ ነበር። እማማ ወርቄ ያን ቀን አልመጡም፤ ለቅሶውን እያሰናዱ ነበር።

ሰው ሲወጣ በሩን ዘጋሁና "ምን ይሻላል?" አልኩ።

"ይነገራቸዋል።"

"እትዬ፣ ዘመድ ተጠርቷል። ጠላው ተጠንስሷል። ሰማንያ ዓመት የጠበቁ ሴትዮ ናቸው። ዝም ብንል ማን ይጎዳል?"

"እሷ" አሉ።

"እሷ ማን?"

መስታወቱን ከፍ አድርገው አሳዩኝ። "ይቺ። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ያላት ሰው ናት። አንዱ መጥቶ 'ሸክም የተሸከመች' አላት። እኔ ደግሞ የሰው ስም አምጥቼ ጫንኩባት። ያዘለችው ልጇ ነው፣ የልጅ ልጇ ምናልባት እዚሁ ገበያ ድንች ትሸጣለች፤ መጥታ ብታያት 'የወርቄ እናት ናት' ተብሎ ተጽፏል። ከዚያኛው ሰውዬ በምን ተሻልኩ?"

ተናደድኩ። ፈርቼ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን ንዴት ነበር የመሰለኝ። "ለአንድ መስታወት ሲሉ ሴትዮዋን ሊገድሏቸው ነው" አልኩ። የተናገርኩት ቃል እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እትዬ ስመኝ አልተቆጡኝም። መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ሣጥኑ ውስጥ መለሱት።

"ሐሙስ አብረኸኝ ትሄዳለህ?" ብቻ አሉኝ።

ፎቶ ቤቱ ፎቶውን በትክክለኛው በኩል ደግሞ አተመው። ሐሙስ ሁለቱንም ይዘን እስከ ግምጃ ቤት በሚኒባስ፣ ከዚያ በጋሪ፣ ከዚያ በጭቃ በእግር ሄድን። በእማማ ወርቄ ግቢ ዳስ ተጥሏል፤ ሴቶች እህል ያበጥራሉ፤ ጎረምሶች ግንድ ይፈልጣሉ። አሮጊቷ ሲያዩን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው እየሮጡ መጡ። "የእናቴ ዘመዶች መጡ!" አሉ ለቤቱ ሁሉ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እትዬ ስመኝ ከቤት ኋላ፣ ለብቻ እንቀመጥ አሏቸው። ሁለቱን ፎቶ ጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡላቸው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም።

"እማማ፣ ተሳስቻለሁ። መስታወቱን ተገልብጦ ነው ያየነው። ትክክለኛው ይኸኛው ነው። የዚች ሴት ጠባሳ በግራዋ ነው።"

እማማ ወርቄ ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ። ጣታቸውን አንዴ እዚህኛው ጉንጭ ላይ፣ አንዴ እዚያኛው ላይ አደረጉ። እኔ አላስቻለኝም።

"እማማ፣ ምናልባት አክስትዎ ተሳስተው ይሆናል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ሲያሳይ ቀኝና ግራው..."

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ደርቋል።

"አንተ ልጅ፣ አክስቴ የራሷን አይደለም ያሳየችኝ፤ ጉንጬን ነክታ ነው። እዚህ ጋ። የእናቴን ፊት ወስዳችሁብኛል፤ የአክስቴን ጣት ደግሞ ልትወስዱብኝ ነው?"

እማማ ወርቄ ወደ እሳቸው ዞሩ።

"አንቺ ነሽ ያመጣሽልኝ፤ አንቺው መልሰሽ ወሰድሽብኝ።"

"አዎ" አሉ እትዬ ስመኝ።

"መስታወቱን የገለበጠው ማን ነው?"

መሬት መሬቱን አየሁ። እኔ ነኝ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። እትዬ ስመኝ ቀደሙኝ።

"ስሟን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ያልተጠየቁትን መለሱ። አንዲት የውሸት ቃል አልወጣቸውም፤ እኔን ግን ሸፈኑኝ። ባወቅኋቸው ዓመታት ሁሉ ለጥያቄ ሌላ መልስ ሲሰጡ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ዝም አልኩ። በመንገድም አላነሡብኝም፣ ከዚያም በኋላ አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም። እስኪያርፉ ድረስ ይቅርታ ልጠይቃቸው እያሰብኩ ነው የኖርኩት፤ ጫግኒ ከተዛወርኩ በኋላም በስልክ ሦስት አራት ጊዜ ጀምሬ ስለ አየሩ አውርቼ ዘግቻለሁ።

ተነሥተን ልንሄድ ስንል እማማ ወርቄ "እሑድ ትመጫለሽ?" አሏቸው።

"ከፈቀዱልኝ።"

"ነይ። ፎቶውንም ተይልኝ።"

"የትኛውን?"

"እውነተኛውን" አሉ።

ለቅሶው ይቀራል ብዬ ነበር። አልቀረም። እሑድ ስንደርስ ግቢው ሞልቷል፤ ከሰባት ስምንት መንደር የመጣ ዘመድ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ ዙሪያውን ቆሟል። አልቃሿም ከሩቅ የተጠራች ናት። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ እማማ ወርቄ ፎቶውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከቤት ወጡ። ሕዝቡ ፎቶውን ሲያይ በአንድ ጊዜ ጮኸ። አሮጊቷ እጃቸውን አነሡ፤ ጩኸቱ ቀስ በቀስ ቆመ። መጀመሪያ በአገውኛ፣ ከዚያ ለኛ ብለው ይመስለኛል በአማርኛ ተናገሩ።

"ይቺ እናቴ አይደለችም። ናት ብዬ ጠራኋችሁ፤ ተሳስተን ነበር። ግን የሰው ልጅ ናት፣ የዚህ አገር ናት። ግራ ጉንጯን አስተውላችሁ እዩ። እናቴ ወይም አያቴ እንዲህ ነበረች የተባለላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።"

ማጉረምረም ተነሣ። አንዱ ሽማግሌ በቁጣ "ታዲያ ማን ነው ያሳሳታችሁ?" ሲል እትዬ ስመኝ ከኛ መሀል ወጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። "ሳላረጋግጥ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ ያንኑ ረጅም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሽማግሌው ፎቶውን ለማየት እጁን ዘረጋ።

ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። ሴቶቹ ወደ ዓይናቸው አቅርበው ያዩታል፤ አንዳንዷ ጉንጩን በጣቷ ነክታ ለጎረቤቷ ታሳልፋለች። ግቢውን ሁሉ ዞሮ እማማ ወርቄ ጋ ተመለሰ። ማንም አላወቃትም።

"እንግዲህ ለቅሶው ይጀመር" አሉ።

አልቃሿ ግራ ተጋባች። "እማማ፣ ፎቶውስ? ገለል ይደረግ?"

"ለምን ገለል ይደረጋል? እሷም ይለቀስላት። ስትሞት አልቃሽ ታግኝ አታግኝ ማን ያውቃል።"

"ታዲያ ማን ብዬ ልጥራት?" አለች አልቃሿ። ስም ሳይጠራ አይለቀስም።

እማማ ወርቄ ፎቶውን አዙረው ፊቷን አዩ።

"የእናቴን ስም አውሺያት" አሉ። "ለዛሬ።"

አልቃሿ ድምፅዋን ሳበች። ውባለም ብላ ወደ ሰማይ ጠራች፤ ዞር ብላ ወደ ፎቶው ደግማ ውባለም አለች፤ ሕዝቡም ተቀበላት። እትዬ ስመኝን ፈለግኋቸው። ስሙ የዚያች ሴት አለመሆኑን ከዚያ ሁሉ ሰው ይበልጥ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከሴቶቹ መሀል ገብተው፣ ውባለም፣ ውባለም እያሉ ያለቅሱ ነበር።